ከቅጽሩ ውጭ የቆመው ሸማኔ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰዎች ሲያገኙኝ አንድ ነገር ይሉኛል። "በእናንተ ጊዜ እኮ ሌባ አልነበረም፤ በር ሳይቆለፍ ይታደር ነበር።" መጀመሪያ መጀመሪያ ራሴን ነቅንቄ አልፍ ነበር። አሁን ግን ሰልችቶኛል። ሌባ ነበረ። መዝጊያ የሚገነጥል ነበረ፣ በሬ የሚነዳ ነበረ፣ ከጎተራ ገብስ የሚቀዳ ነበረ። ያልነበረው ደፍሮ የሚያመለክት ሰው ነው። በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት በደርግ ዘመን ፖሊስ ሆኜ ስለሠራሁ ይህን በወሬ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ አውቀዋለሁ። ደመወዙ ጥቂት፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የምለው ስለ አንድ ሸማኔ ነው። ወደ እሱ ለመድረስ ግን ሥራውን ካስተማሩኝ ሰው መነሣት አለብኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ወረቀቴን በኪሴ፣ አዲስ ጫማዬን በእግሬ አድርጌ ጣቢያ ስደርስ አንድ ሸበቶ ሰው መዶሻ ይዘው የሰው ቤት መዝጊያ ይጠግናሉ። አናጢ መስለውኝ "አለቃው የት ናቸው?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ከጥርሳቸው ሚስማር አውጥተው "እኔ ነኝ። ያንን ጣውላ ያዝልኝ" አሉኝ። ሻምበል ባሻ ዳኘው ይባላሉ። የሥራዬን የመጀመሪያ ሰዓት ጣውላ ይዤ አሳለፍሁ።

ሻምበል ባሻ ሌባ የገባበት ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ የሚያዩት በሩን ነው። የተገነጠለ ከሆነ ሳያቆሙት አይሄዱም። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ "ሌባው እየራቀ እኮ ነው" ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ። "እነዚህ ሰዎች ዛሬም እዚህ ነው የሚተኙት። መጀመሪያ በሩን እናቁምላቸው" አሉ። ዱካ ካገኙ ደግሞ ከእመቤቲቱ ሰፌድ ተውሰው ይደፉበታል፤ ዶሮና ልጅ እንዳያጠፋው። ከዚያ ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ውኃ ይጠይቃሉ። ውኃውን ጠጥተው እስኪጨርሱ የቤቱ ሰው ድንጋጤው በረድ ይልለታል፤ ያኔ መናገር ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን ምስክር ማቆምን ነው። አንድ ገበሬ በሬው ጠፍቶበት ጎረቤቱን ከሰሰ። ምስክርም ይዞ መጣ። ምስክሩ አውድማ ላይ እህል ሳዘራ ተከሳሹ በሬውን እየነዳ ወንዙን ሲሻገር በዓይኔ አይቻለሁ አለ። እኔ ብዕሬን አነሣሁ። ሻምበል ባሻ ብዕሬን ከእጄ ወስደው ምስክሩን ከፊት አስቀድመው አውድማው ድረስ ሁለት ሰዓት አስኬዱን።

"የት ጋ ነበር የቆምኸው?"

"እዚህ ጋ ነበርሁ ጌታዬ።"

"እንግዲያስ ወንዙን አሳየኝ።"

ሰውየው ዞረ፣ ተዟዟረ። በአውድማውና በወንዙ መካከል ጉብታ አለ፤ ወንዙ አይታይም። ላቡ በግንባሩ ወረደ። የተከሳሹ የድንበር ባላጋራ ያስጠናውን ነበር የነገረን። በሬው ራሱ በሦስተኛው ቀን ከሌላ መንጋ ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ። ስንመለስ ሻምበል ባሻ "ሰው መጥቶ ሲነግርህ ቁጭ ብለህ አትጻፍ። ወስደህ የነበረበት ቦታ አቁመው፤ አንተም አጠገቡ ቁም። ከዚያ ጻፍ" አሉኝ። በመካነ ኢየሱስ ቆይታዬ ይህን ሳያደርጉ አንድም ቃል ሲቀበሉ አላየሁም።

ከዚያ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ተዛወርሁ። መንገዱ በክረምት የሚዘጋ፣ ዓመቱን ሙሉ በበቅሎ የሚኬድበት አገር ነው። እዚያ የነበሩት አለቃዬ ሌላ ዓይነት ሰው ነበሩ፤ ክፉ አልነበሩም፣ መዝገብ ቶሎ ሲዘጋ ደስ ይላቸዋል። እኔም ወጣት ነበርሁ፣ ማመስገናቸው ይጥመኝ ነበር። ቀስ በቀስ ምስክር ወስዶ ማቆሙን ተውሁት። ሩቅ ነው፣ ያደክማል፣ ጭቃ ነው እያልሁ ጠረጴዛ ላይ መጻፍ ለመድሁ። አሥር አለቃነቴን ያገኘሁትም በዚሁ ፍጥነቴ ነው።

ሦስተኛው ምድቤ ከንፋስ መውጫ ራቅ ያለች አንዲት የጋይንት ከተማ ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ የሰዎቹ ልጆች ዛሬም ይኖሩባታል። ከከተማዋ ዳር፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ላይ፣ አዲሱ ሰፈር የሚባል መንደር ተቆርቁሮ ነበር። ከገጠር የገባ ገበሬ፣ አስተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛና የገበያ ነጋዴ ጎን ለጎን ቤት ሠርቶበታል። ሰዉ ገና አልተላመደም። የሚያገናኘው እድሩ ነበር፤ ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ሁሉም ቁልፉን ከድንጋይ ሥር ወይም ከክፈፉ ላይ ሰክቶ ለቀብር ይወጣል። ማንም አይቀርም።

ስርቆቱ የመጣው በዚሁ በኩል ነው። በአንድ የቀብር ቀን የአስተማሪው ራዲዮ ጠፋ። በሌላ ቀብር የአንዲት ባልቴት ካባና የብር መስቀል። በሦስተኛው ከአንድ ቤት ሦስት ጋቢ። በር አልተሰበረም፤ ቁልፉ ከተሰካበት ተነሥቶ፣ ተከፍቶ፣ ተመልሶ ተሰክቷል። ስለዚህ ሰዉ እርስ በርሱ መጠባበቅ ጀመረ። ቀብር ሲኖር እያንዳንዱ ቤት አንድ ሰው ማስቀረት ጀመረ፤ አንድ ቀን ወንዶቹ ከማነሳቸው የተነሣ የአስከሬን ተሸካሚ ተቀያሪ አጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። ሽማግሌዎቹን ያንገበገባቸው ከስርቆቱ ይልቅ ይህ ነበር። ሬሳ መንገድ ላይ ሲቆም ያየ ሰው ቁጣቸውን ይረዳዋል።

የቀበሌው ሊቀመንበር "ሰፊው ሕዝብ ራሱ ይመርምር" ብሎ አውጫጭኝ እንዲጠራ አዘዘ። አውጫጭኝ የአባቶቻችን የምርመራ ሥርዓት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ዳኞች ይመረጣሉ፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም። አንድ ሰው በይፋ ለመናገር ከፈራ ለዳኛው በጆሮው ያንሾካሹክለታል። ያ ሰው ወፍ ይባላል። የወፏ ስም አይጠየቅም፤ ዳኛውም ይህን ምሎ ነው የሚቀመጠው።

ወሩ ሰኔ ነው፤ እርሻ ደርሷል። ሕዝቡ ሦስት ቀን ሙሉ ሜዳ ላይ ዋለ። የዳኞቹ አለቃ አያ ገሠሠ ነበሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ። እኔ ከጎናቸው ወንበር ተሰጥቶኛል። በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሰማዩን እያየ፣ ያልተዘራ መሬቱን እያሰበ መቁነጥነጥ ጀመረ። ማንም ይሁን ማን፣ ስም ብቻ ይውጣና ወደ በሬዬ ልሂድ ማለት እንደጀመረ ፊቱ ላይ ይነበባል። ያን ጊዜ እኔ አንድ ጥያቄ አመጣሁ። ብልህ ጥያቄ መስሎኝ ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር።

"ስርቆቱ በቀብር ሰዓት ከሆነ ሌባው ቀብር ያልነበረ ሰው ነው" አልሁ። "ጋቢዎቹ በጠፉበት ቀብር በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ያልታየ ማነው? እያንዳንድህ በግራና በቀኝህ የነበረውን ጥራ።"

ሰዉ ተራ በተራ ተነሥቶ ጠራ። በመጨረሻ አንድ ያልተጠራ ወንድ ቀረ፤ እንድሪስ ሸማኔው። እንድሪስ ሙስሊም ነው። ከባለቤቱ ከዘይነብ፣ ከአሮጊት እናቱና ከቤተሰቡ ጋር ከሰፈሩ ታችኛ ጫፍ ይኖራል፤ ቀን ቀን ከሸማ ጉድጓዱ ገብቶ ሲሸምን ይውላል። ከሰፈሩ ሰው ግማሹ የለበሰው የእሱን ሥራ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እኔ ግን አንተ አልሁት።

"አንተ፣ ቀብሩ ላይ ነበርህ?"

"ነበርሁ ጌታዬ።"

"የት?"

"ከውጭ ነዋ። ከቅጽሩ በር ፊት፣ ከግራሩ ሥር።"

"ማን አየህ?"

ሕዝቡን ዞር ብሎ ቃኘ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት። "እኔ እንጃ። ሰዉ ሁሉ ውስጥ ነበር" አለ። አንዳንዶቹ ሳቁ። አያ ገሠሠም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ወፏም እሱኑ ብላለች" አሉኝ።

ሙስሊም ጎረቤት ለክርስቲያን ቀብር ሲወጣ ከቅጽሩ ውጭ እንደሚቆም ጠፍቶኝ አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ሁልጊዜ ውስጥ ከሚገቡት ጋር ነበርሁ። ከውጭ የሚቆም ሰው ማን ያየዋል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ሻምበል ባሻ ዳኘው ቢሆኑ እንድሪስን ከፊት አስቀድመው ግራሩ ሥር ወስደው ያቆሙት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከተሰበሰብንበት ሜዳ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። እኔ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ቤቱን ፈተሽን። ከተሰረቁት ጋቢዎች የአንዱን የሚመስል ጥለት ተገኘ፤ የጋቢው ባለቤትም "የኔ ነው" ብላ ጮኸች። ጥለቱን ለእሷም የሠራላት እሱ ራሱ መሆኑን የተናገረ የለም። እንድሪስ ሊናገር አፉን ሲከፍት "ዝም በል" አልሁት። ሕዝቡ ወደ እርሻው ሮጠ፤ እኔ እንድሪስን ይዤ ወደ እስር ቤት።

አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ፍርድ ቤት የሚባል አላየም፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ብዙ ነበር። ዘይነብ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትመጣለች፤ ከእሷ ጋር አብሮ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። በእነዚህ ወራት ከአዲሱ ሰፈር አንድም የስርቆት አቤቱታ አልቀረበም። የጣቢያው አዛዥ ደስ አላቸው። ሰፈሩ ከወንጀል የጸዳ ነው ተብሎ ወደ በላይ ተጻፈ፤ እኔም በስብሰባ ላይ ተመሰገንሁ። በእውነት እላለሁ፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መካከል ጨው ተራ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ወጣት ሴት ዕቃ የምትመርጥ መስላ ተጠጋችኝ። አትጠገብ ትባላለች፤ የአያ ገሠሠ የልጃቸው ሚስት ናት።

"አሥር አለቃ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። ስሜን ግን ለማንም እንዳይጠሩ።"

"አልጠራም። ተናገሪ።"

"አያ እንድሪስ ያለው እውነት ነው። ከግራሩ ሥር ነበር። ሬሳው ገብቶ እስኪቀበር ከቦታው አልተነቃነቀም። እንባውን በጋቢው ሲጠርግ አይቸዋለሁ።"

"አንቺ የት ሆነሽ አየሽው?"

"እኔም ከውጭ ነበርሁ።"

"አንቺ ክርስቲያን አይደለሽ? ለምን ሳትገቢ ቀረሽ?"

ፊቷን ወደ ጨው አሞሌው አዞረች። ጅልነቴ የገባኝ ያኔ ነው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ቅጽር አትገባም፤ ከውጭ ቆማ ትሸኛለች።

"ታዲያ ሜዳው ላይ ለምን አልተናገርሽም?" አልኋት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"በማን ፊት? አማቴ ዳኛ ሁነው ተቀምጠው? ያ ሁሉ ወንድ እያየኝ? በዚያ ላይ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አርግዛለች ብላ ለጎረቤት አውርታ ነበር።" አንድ አሞሌ አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። "ዘይነብን ስንቅ ይዛ ስታልፍ ባየሁ ቁጥር በሬን እዘጋለሁ። አሁንስ አልቻልሁም።"

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ከእንድሪስ መታሰር በኋላ ሁለት ቤት ተሰርቋል። ባለቤቶቹ ግን ተማክረው ዝም ብለዋል። እንደገና ሦስት ቀን ሜዳ መዋልን፣ እንደገና ስም መጥራትን፣ ከዚያም አልፎ የራሳቸው ስም መጠራቱን ፈርተዋል። ከወንጀል የጸዳ ያልነው ሰፈር ከሌባው ይልቅ እኛን ፈርቶ ዝም ያለ ሰፈር ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጡሩንባ ተነፋ። የደንብ ልብሴን አውልቄ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ቅጽር ሳልገባ ከግራሩ ሥር ቆምሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀብርን ከውጭ አየሁ። ከዚያ ቦታ የሬሳው ፍትሐት ይሰማል እንጂ ሰዉ አይታይም። የሚታየው የቅጽሩ የጎን በርና ከዚያ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ አዲሱ ሰፈር የሚወርደው ቀጭን መንገድ ነው። ካህናቱ ፍትሐቱን እንደጀመሩ በጎን በሩ አንድ ሰው ብቅ አለ። በላቸው ነበር፣ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ።

በላቸውን የማያውቅ የለም። ሰው ሲሞት በየደጁ እየዞረ የሚጠራው እሱ ነው፤ ማን ቁልፉን የት እንደሚሰካ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቀብር ላይም መጀመሪያ የሚገባው፣ ጮክ ብሎ የሚያለቅሰው እሱ ነው። ሰዉ ሁሉ ስላየው ማንም አይጠረጥረውም። ተከትዬው ወረድሁ። ከአንድ ቤት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲወጣ በር ላይ ጠበቅሁት። አልሮጠም። ጥቅሉን መሬት አስቀምጦ ቁጭ አለ።

"ወፏ ማን ነበረች?" አልሁት። መጠየቅ እንደሌለብኝ አውቃለሁ።

"እኔ ነበርሁ" አለ።

ለአዛዡ ሁሉንም ተናገርሁ፣ ከአትጠገብ ስም በስተቀር። አዛዡ "ሸማኔውን ፍታው። ግን ድምፅ ሳታሰማ ፍታው። ሪፖርቱ ወደ በላይ ሄዷል" አሉኝ። በላቸው የሰረቀው ሳይነገር ለዘመቻ ተላከ። በእንድሪስ ወረቀት ላይ ደግሞ "በምሕረት ተለቀቀ" ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ምሕረት የሚደረገው ለጥፋተኛ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሰፈሩም ያውቃል። እንድሪስ በሳምንቱ ቤቱን ዘግቶ፣ ቤተሰቡንና የሸማ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወደ ወገዳ ሄደ። እኔ ከጣቢያው በረንዳ ሆኜ ሲያልፉ አየሁ። ስላዘዙኝ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን አላጽናናኝም።

እንቅልፍ ቢነሣኝ ፈቃድ ጠይቄ መካነ ኢየሱስ ሄድሁ። ሻምበል ባሻ ዳኘው ጡረታ ወጥተው ከቤታቸው ደጅ ድንች ይኮተኩታሉ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋቸው። አልተቆጡም።

"አውጫጭኙ ላይ አንተ የት ነበርህ?" አሉኝ።

"ከዳኞቹ አጠገብ፣ ወንበር ላይ።"

"ወንበር ላይ!" ብለው መኮትኮቻውን ጣሉት። "እኔ ምን አስተምሬህ ነበር?" ከዚያ ቁጭ አሉ፤ ዓይናቸው ውኃ አዝሏል። "ሂድና ለሰውየው ንገረው። ቀጥሎ ለሰፈሩ ንገር። ማዕረጋቸውን ቢወስዱብህ ይውሰዱት።"

እንድሪስን ወገዳ ገበያ ዳር አገኘሁት። አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ ይሸምናል። አንቱ አልሁት። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ሌባው በላቸው እንደሆነ ነገርሁት። መወርወሪያውን አቁሞ ሰማኝ።

"በላቸው መሆኑን አውቃለሁ" አለ። "ያን ቀን በጎን በር ወጥቶ ሲወርድ አይቸዋለሁ። ለቀብሩ ሥራ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ እስር ቤት ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው የገባኝ።"

"ምነው ታዲያ ሳይነግሩኝ?"

"አንተ የጠየቅኸኝ ማን አየህ ብለህ ነው። ምን አየህ ብለህ አልጠየቅኸኝም። በኋላ ልናገር ስል ዝም በል አልኸኝ። ከታሰርሁ በኋላማ ማን ሊሰማኝ?"

ይቅርታ ስለው "እኔ አለመስረቄን አውቃለሁ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለማያውቁት ንገራቸው" አለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ አዲሱ ሰፈር ለእድር ሲሰበሰብ ተነሥቼ ቆምሁ። አዛዡን አላስፈቀድሁም። "እንድሪስ አልሰረቀም። የሰረቀው በላቸው ነው፤ ወፏም እሱ ነበር። እንድሪስ እንዳለው ከግራሩ ሥር ቆሞ ነበር። ሳላጣራ ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ በምሕረት ብዬ የጻፍሁትም እኔ ነኝ" አልሁ። ጉባኤው ተንጫጫ። አያ ገሠሠ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

"ከግራሩ ሥር መቆሙን የመሰከረ ማነው?" አሉኝ።

ቃል ስለገባሁ ስም አልጠራሁም። ደግመው ጠየቁኝ። ከሴቶቹ ወገን አትጠገብ ተነሣች። ድምፅዋ ጠንካራ ነበር።

"እኔ ነኝ አያ። ከውጭ ነበርሁ። ለምን ከውጭ እንደነበርሁ ሴቶቹ ያውቃሉ። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አፈርሁ። ያፈርሁት በማያሳፍረው ነው፤ ማፈር የነበረብኝ በዝምታዬ ነበር።"

አማቷ፣ የባለቤቷ እናት፣ ፊቷን ሸፈነች። አያ ገሠሠ ግን ወደ ምራታቸው ሄደው ከፊቷ ቆሙ። ይቆጧታል ብዬ ሰጋሁ። "ልጄ፣ እኔ ዳኛ ሆኜ ስቀመጥ አንቺ መናገር ካልቻልሽ የተቀመጥሁት ለምን ነበር?" አሏት። ሽማግሌው በሕዝብ ፊት አለቀሱ።

እኔ በሳምንቱ ተጠርቼ ማዕረጌ ተቀነሰ፤ ዕድገቴም ለዓመታት ዘገየ። ያ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ወገዳ ላይ ነበር። አያ ገሠሠ፣ ቄሱና ሁለት ሽማግሌዎች እንድሪስን ሊክሱ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድሁ። ሽማግሌዎቹ ከደጁ ድንጋይ ተሸክመው ቆሙ። እንድሪስ ተሯሩጦ ድንጋዩን ከትከሻቸው አወረደ። "ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ" አለ፤ አስቀመጠን፤ ባለቤቱም የሚበላ አቀረበች። አያ ገሠሠ ደስ ብሏቸው "እንግዲያስ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። ጣሪያውን አድሰነዋል፣ አጥሩንም አጥረነዋል። ሰፈሩ ዛሬ ሰላም ነው፤ አንድ ነገር አይጠፋባችሁም" አሉ።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የነበረችው ዘይነብ ከበሩ ላይ ተናገረች።

"ይቅርታውን እኔም ብያለሁ አያ። ግን አልመለስም። እሱ ታስሮ ሳለ እናቱ ሞተችብኝ። ጡሩንባ አልተነፋላትም። አስከሬኗን ያነሡት አራት ሰዎች ናቸው፤ አራቱም ከገበያ የለመንኋቸው ነጋዴዎች። የሚቀይራቸው አልነበረም። እኔም በሬን ክፍት ትቼ እስከ ወንዙ ሸኘኋት፤ ቤት የሚጠብቅልኝ አልነበረኝማ። ስመለስ አንድ ዕቃ አልጎደለም። ያን ቀን በሰፈሩ ሌባ አልነበረም አያ ገሠሠ። ጎረቤትም አልነበረም።"

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እኔ እናቲቱ የሞተችበትን ወር በልቤ ቆጠርሁ፤ አገኘሁት። የዚያን ወር ሪፖርት "በአዲሱ ሰፈር የተፈጸመ በደል የለም" ብዬ የፈረምሁት እኔ ነበርሁ።